የረዳት ነርስ ምስክር ወረቀት እድሳትና የ24 ወራት ገደብ

በአሜሪካ በሚገኙ የአረጋውያን መንከባከቢያ ተቋማት ታማሚውን የሚያጥበው፣ የሚመግበው፣ ከጎን ወደ ጎን የሚያገላብጠውና በገላው ላይ የሚጀምረውን ቁስል ቀድሞ የሚያየው በአብዛኛው ረዳት ነርሱ ነው። ከኢትዮጵያ ሄደው በዚህ ሙያ የተሰማሩ ብዙዎች ሲሆኑ፣ በሀገራቸው ነርስ የነበሩም ይገኙባቸዋል። የምስክር ወረቀቱ ግን በየጊዜው ካልታደሰ ዋጋ ያጣል።

የሙያው መሠረት እ.ኤ.አ. በ1987 የወጣው የፌዴራል ሕግ ነው። በዚህ ሕግ መሠረት ረዳት ነርስ ቢያንስ የ75 ሰዓት ሥልጠና ወስዶ የብቃት ፈተና ማለፍና በክፍለ ግዛቱ መዝገብ መስፈር ይኖርበታል። ተቋሙም በበኩሉ በዓመት ከ12 ሰዓት ያላነሰ የሥራ ላይ ሥልጠና የመስጠት ግዴታ አለበት። ክፍለ ግዛቶች ከዚህ ከፍ ያለ መመዘኛ ሊያወጡ ይችላሉ፤ ለምሳሌ ካሊፎርኒያ በሁለት ዓመት የእድሳት ዘመን 48 ሰዓት ሥልጠና ትጠይቃለች።

ከሁሉ ይበልጥ ጥንቃቄ የሚሻው ግን የሥራው መቋረጥ ነው። አንድ ረዳት ነርስ ለተከታታይ 24 ወራት የነርስነት ወይም ከነርስነት ጋር የተያያዘ አገልግሎት በክፍያ ካልሰጠ፣ እንደገና ሠልጥኖ መፈተን ወይም የብቃት ፈተናውን እንደ አዲስ መውሰድ ይገደዳል። የታመመች እናትን ያለ ክፍያ ማስታመም፣ ምንም እንኳ ድካሙ ያው ቢሆን፣ ለዚህ አይቆጠርም። ስለዚህ ልጅ ለማሳደግ ወይም ቤተሰብ ለመርዳት ወደ ሀገር ቤት ለረጅም ጊዜ የሚመለስ ሰው ወራቱን አስቀድሞ ማስላት ይገባዋል።

ሕጉ በዚህ ረገድ የጠበቀው ያለ ምክንያት አይደለም። ታማሚን በአግባቡ ማንሣት፣ የእጅ ንጽሕናን መጠበቅ፣ የአእምሮ መሳት ያለበትን አረጋዊ መያዝ በልምምድ የሚጸኑ ክህሎቶች ናቸው። መዝገቡም ታማሚን በማንገላታት፣ በቸልተኝነት ወይም ንብረቱን በመውሰድ የተረጋገጠባቸውን ሰዎች ስለሚይዝ፣ ቀጣሪው ከመቅጠሩ በፊት ይመለከተዋል።

እንግዲህ ረዳት ነርሱ የሥልጠና ማስረጃዎቹንና የደመወዝ ደረሰኞቹን በጥንቃቄ ማስቀመጥ፣ አድራሻው ሲለወጥ ለመዝገቡ ማስታወቅና የክፍለ ግዛቱን መመሪያ ራሱ ማንበብ ይጠበቅበታል። ቀኑ ካለፈ በኋላ ከመሯሯጥ አስቀድሞ መዘጋጀት ይሻላል።