ቦዩን ከመሻገር በፊት
በኢንተርኔት ፍልሚያ ለሚጀምሩ ወጣቶችና ለወላጆቻቸው

ወጣቶቻችን ከትምህርትና ከቂርአት በሚተርፋቸው ጊዜ በኢንተርኔት ስለሚጫወቱት ፍልሚያ ብዙ ወላጆች «ለመሆኑ ምንድን ነው ነገሩ?» ይሉናል። ሳያውቁ መከልከልም ሆነ ሳያውቁ መፍቀድ አይበጅምና አንዱን ጨዋታ ይዘን ውስጡን እንመልከት። የመረጥነው «ሩንስኬፕ» የተባለውን ነው። ጨዋታው በ2001 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝ አገር አንድሩ ጋወር ከወንድሞቹ ጋር ሆኖ ያቀረበው ሲሆን፣ ዛሬ ብዙዎች የሚጫወቱት «ኦልድ ስኩል» የተሰኘው ደግሞ በ2007 የነበረውን መልክ ይዞ በ2013 የወጣ ነው።

በመሠረቱ የጦር ጨዋታ በራሱ ነውር አይደለም። በነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) መስጂድ ሐበሾች በዒድ ቀን በጦር ሲጫወቱ እናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ) እንድትመለከት መፍቀዳቸው በሶሒሕ አል-ቡኻሪ ተዘግቧል። ጥያቄው የሚነሣው ከጨዋታው ጋር ተያይዞ በሚመጣው ነገር ላይ ነው።

አብዛኛው የሩንስኬፕ ዓለም ሰላማዊ ነው፤ ዓሣ ይጠመዳል፣ እንጨት ይቆረጣል፣ ማዕድን ይቆፈራል። በስተሰሜን ግን በቦይ የተከለለ «ዊልደርነስ» የሚባል ምድረ በዳ አለ። ቦዩን የተሻገረን ሰው ሌላ ተጫዋች ሊወጋው ይችላል። ወደ ሰሜን በተገባ ቁጥር የቦታው ደረጃ ከ1 እስከ 56 ይጨምራል፤ ማን ማንን ሊገጥም እንደሚችል የሚወስነውም ይህ ቁጥር ነው። ደረጃ 5 ላይ የቆመ፣ የፍልሚያ አቅሙ 50 የሆነ ተጫዋች ከ45 እስከ 55 ካሉት ጋር ብቻ ይጋጠማል። ደረጃ 30 ላይ ግን ከ20 እስከ 80 ያለው ሁሉ ይመጣበታል። ከደረጃ 20 በላይ ደግሞ ከቦታ ወደ ቦታ በቅጽበት የሚያሻግሩት ዘዴዎች አብዛኞቹ አይሠሩም። ስለዚህ ጀማሪ ከቦዩ አይራቅ።

በዚያ የሞተ ሰው ከያዘው ዕቃ ዋጋቸው ከፍ ያሉት ሦስቱ ብቻ ይቀሩለታል። ሳይነኩት ቀድሞ ሌላውን የመታ ግን በራሱ ላይ የራስ ቅል ምልክት ይወጣበትና ከሞተ ሦስቱንም ያጣል። ድንበር አላፊ ይበልጥ እንዲከስር መደረጉ መልካም ሥርዓት ነው እንላለን። አንድ ተማሪያችን የወራት ጥሪቱን ሁሉ ለብሶ ገብቶ በአንድ ደቂቃ ውስጥ ባዶ እጁን ቀርቷል። ቢያጡት የማይቆጩበትን ይዞ መግባት የመጀመሪያው ብልሃት ነው።

የውጊያው ዓይነት ሦስት ነው፤ ሰይፈኛው ቀስተኛውን ይበልጣል፣ ቀስተኛው አስማተኛውን፣ አስማተኛው ደግሞ ጥሩር የለበሰውን ሰይፈኛ። ጨዋታው የሚሄደው በየ0.6 ሰከንዱ ምት ነው። ምግብ መብላት ቁስልን ቢያድንም የራስን ቀጣይ ምት ያዘገያል፤ ጀማሪም በመሣሪያ ማነስ ሳይሆን ደንግጦ ያለ ጊዜው በመብላት ይሸነፋል። ይህን ለመልመድ «ላስት ማን ስታንዲንግ» የተባለው ክፍል ይሻላል፤ መሣሪያውን የሚሰጠው ጨዋታው ራሱ ስለሆነ፣ ተሸናፊው ከራሱ ንብረት የሚያጣው የለም።

እዚህ ላይ ወደ ከባዱ ጉዳይ እንመጣለን። በዚህ ጨዋታ ለብዙ ዓመታት ሁለት ሰዎች የጨዋታውን ወርቅ አስይዘው የሚፋለሙበት «ዱኤል አሬና» ነበረ፤ አሸናፊው ሁሉን ይወስዳል። ይህ ጥርት ያለ ቁማር ነው፤ አላህ (ሱ.ወ) በሱረቱል ማኢዳህ ቁማርን ከአስካሪ መጠጥ ጋር አያይዞ ከልክሏል። «የውሸት ወርቅ እኮ ነው» የሚሉ ወጣቶች አሉ። ነገር ግን ያ ወርቅ በስውር ገበያ በእውነተኛ ገንዘብ ይሸጣል። ኩባንያው በታኅሣሥ 2007 ዊልደርነስን እስከ መዝጋት የደረሰው በተሰረቁ የባንክ ካርዶች ጭምር የሚካሄደውን ይህን ንግድ ለመግታት ነበር፤ በ2011 በተጫዋቾች ድምፅ ተመለሰ። ዱኤል አሬናውም በ2022 ንብረት በማይያዝበት ሌላ መድረክ ተተክቷል።

«በዊልደርነስም አሸናፊው የተሸናፊውን ዕቃ ይወስድ የለምን?» ብሎ የጠየቀን ልጅ ነበር። ጥያቄው ብርቱ ነው። ፈትዋ የምንሰጥ አይደለንም፤ የሰፈራችሁን ዓሊም ጠይቁ። እኛ እንደምናየው ግን ሁለት ሰዎች ተቀጣጥረው፣ ዕቃ ይዘው ለመበላላት ከገቡ ከማስያዝ የሚለየው ስሙ ብቻ ነው። ላስት ማን ስታንዲንግን ያስቀደምነውም በዚህ ምክንያት ነው።

ከሰይፉ ይልቅ እኛን ያሳሰበን ሌላ ነው። በጨዋታው ውስጥ «ጸሎት» የተባለ ችሎታ አለ፤ ሳራዶሚንና ዛሞራክ የተባሉ የፈጠራ አማልክትና መሠዊያዎቻቸውም አሉ። ተፋላሚ ራሱን የሚከላከለው በዚሁ «ጸሎት» ስለሆነ ያለ እርሱ በደንብ መፋለም ያስቸግራል። ይህን ሸሽገን አንጽፍም። ተውሒድን ገና በመማር ላይ ላለ ልጅ ሌላ ጨዋታ መፈለግ ይሻላል እንላለን። ኩባንያውም ቢሆን ከ13 ዓመት በታች ለሆነ ልጅ አይፈቅድም።

ሶላትን በተመለከተ፣ ፍልሚያን «ቆይ» ብሎ ማቆም አይቻልም፤ ከውጊያ የወጣ ተጫዋችም ወዲያው ጨዋታውን መዝጋት አይችልም። አዛን ሊል ሲቃረብ ቦዩን የተሻገረ ልጅ መግሪብን እንደሚያዘገይ አስቀድሞ ያውቃል። ሰዓቱን አይቶ መግባት ይቻላል።

በመጨረሻ ስለ አታላዮች። አንዱ ወዳጅ መስሎ «ና አብረን እንግባ» ይልና ብዙዎች አንዱን መምታት ወደሚችሉበት ቦታ ይወስደዋል፤ ጓደኞቹ በዚያ ያደባሉ። ወጣቶች «በጦርነት ማታለል ይፈቀዳል» ይሉናል። ይፈቀዳል፤ ግን ጠላትነቱ ከተገለጸ ጋር እንጂ አማና ሰጥተውት ከተከተለ ጋር አይደለም። «ወርቅህን እጥፍ አድርጌ እመልስልሃለሁ» የሚልም በገበያው አደባባይ አይታጣም፤ ለእርሱ መልስ ሳይሰጡ ማለፍ ነው። የይለፍ ቃል የሚጠይቅ ከመጣ ደግሞ ልጁ ወዲያው ለወላጁ ይንገር።