ከፕሮስቴት ዕጢ ናሙና ስለ መውሰድና ስለሚያስከትላቸው ችግሮች

ፕሮስቴት በወንዶች ብቻ የሚገኝ፣ ከሽንት ፊኛ በታች ሆኖ የሽንትን ቧንቧ የከበበ ትንሽ ዕጢ ነው። ዕድሜ ሲገፋ በነቀርሳ ሊያዝ ይችላል። የደም ምርመራና የሐኪም ዳሰሳ ጥርጣሬን ያስነሣሉ እንጂ ነቀርሳ መሆኑን አያረጋግጡም፤ ማረጋገጫው ከዕጢው በመርፌ ናሙና ወስዶ በማይክሮስኮፕ መመርመር ነው። ይህም ባዮፕሲ ይባላል።

ሐኪሙ በአልትራሳውንድ እየተመራ አብዛኛውን ጊዜ ከ10 እስከ 12 ቀጫጭን ናሙናዎች ይወስዳል። ስለዚህ ጥቂት መድማት የተለመደ ነው። ሽንት ለጥቂት ቀናት ቢቀላ፣ በሰገራ ላይ ጥቂት ደም ቢታይ፣ የዘር ፈሳሽም ለሳምንታት ቀለሙ ቢለወጥ ሊያስደነግጥ አይገባም።

ከሁሉ የሚያሰጋው ግን የጀርም መግባት ነው። መርፌው በአንጀት ግድግዳ በኩል ሲያልፍ በአንጀት የሚኖሩ ጀርሞች ወደ ዕጢውና ወደ ደም ሊገቡ ይችላሉ። ይህን ለመከላከል አስቀድሞ አንቲባዮቲክ ይሰጣል፤ ሆኖም መድኃኒቱን የተላመዱ ጀርሞች ስላሉ ሁልጊዜ አይበቃም። ስለዚህም የአውሮፓ የዩሮሎጂ ማኅበር እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ2021 ባወጣው መመሪያ፣ መርፌው በፊንጢጣና በቈለጥ መካከል ባለው ቆዳ በኩል እንዲገባ መክሯል።

አንዳንድ ጊዜ ደግሞ ዕጢው ያብጥና ሽንት ፈጽሞ ይከለክላል፤ ያን ጊዜ በቀጭን ቱቦ ማስወጣት ግድ ይሆናል።

እንግዲህ ተመርማሪው የሚከተሉትን ማስታወስ ይገባዋል፤

1ኛ/ አስፕሪን ወይም ሌላ ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የሚወስድ፣ በቅርብም ጊዜ አንቲባዮቲክ የወሰደ ሰው ይህን ለሐኪሙ አስቀድሞ ይንገር፤ በገዛ ፈቃዱ ግን መድኃኒቱን አያቋርጥ።

2ኛ/ ከምርመራው በኋላ ትኩሳቱ 38 ዲግሪ ከደረሰ፣ ብርድ ብርድ ካለውና ካንቀጠቀጠው፣ ሽንት እንቢ ካለው ወይም የረጋ ደም ከወጣው፣ ሌሊትም ቢሆን ሳይዘገይ ወደ ሆስፒታል ይሂድ።

ነቀርሳ በብረት ከተነካ ይሠራጫል የሚሉ አሉ፤ በዚህ መርፌ ምክንያት መሠራጨቱ ግን እጅግ ብርቅ ነው። ይልቅስ ብዙውን የሚጎዳው እፍረት ነው። የተመረመረው ስፍራ የሚነገር አይደለም ብሎ ትኩሳቱን የሚደብቅ ሰው፣ በጊዜው በመድኃኒት ሊድን ሲችል ደሙ ተመርዞ ለሞት ሊደርስ ይችላል። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም። ስለዚህ መምህራንና ማንበብ የሚችሉ ወገኖቻችን ይህን ለአባቶቻቸውና ለጎረቤቶቻቸው እንዲያስረዱልን አደራ እንላለን።