ፊርማ ብቻውን ጭነት አያንቀሳቅስም
የመንዝን ባቄላ ዋጋ ከጋላፊ ኬላ ጋር ምን አገናኘው?

ከጓሳ ግርጌ ባሉ የመንዝ ቀበሌዎች የተመረተ ባቄላ መሃል ሜዳ ገበያ ሲወጣ፣ ገዢው ነጋዴ ከጆንያው አንድ እፍኝ ዘግኖ ፍሬውን ካየ በኋላ ስልኩን ያነሳል። የሚደውለው ደብረ ብርሃን ወዳለው ባለመጋዘን ነው። ባለመጋዘኑ የአዲስ አበባውን ላኪ፣ ላኪው ደግሞ የውጭውን ገዢ ይጠይቃል። ዋጋው ከባሕር ተነስቶ በየደረጃው እየተቀነሰለት ሽቅብ ወደ ደጋው ይወጣል፤ ለገበሬው የሚደርሰው የተረፈው ነው።

ምክንያቱ ግልጽ ነው። ግብፅ ባቄላን ከውጭ በብዛት ከሚገዙ አገሮች ግንባር ቀደሟ ስትሆን፣ አውስትራሊያ ከዋነኞቹ አቅራቢዎቿ አንዷ ናት። የካይሮ አስመጪ የኢትዮጵያን ባቄላ ከአውስትራሊያው ጋር አስተያይቶ ይገዛል እንጂ መኪናው በረሃ ላይ አራት ቀን ቆመ ብሎ ዋጋ አይጨምርም። ስለዚህ በመንገድ የባከነው ብር ከላኪው ትርፍ፣ ከደላላው ኮሚሽን፣ በመጨረሻም ከገበሬው ዋጋ ላይ ይነሳል። አገሪቱ የገባችባቸው የትራንስፖርት ስምምነቶች ለገበያው ያላቸው ፋይዳ መመዘን ያለበትም በዚሁ ሒሳብ ነው።

መብቱ አለ፤ ዝርዝሩ በድርድር ነው

እ.ኤ.አ. በ1982 የወጣው የተባበሩት መንግሥታት የባሕር ሕግ ስምምነት፣ በአንቀጽ 125 ወደብ አልባ አገሮች ወደ ባሕር የመውጣትና በጎረቤት ግዛት የመተላለፍ መብት እንዳላቸው ይደነግጋል። አንቀጹ ግን በዚህ አያበቃም፤ አፈጻጸሙን የሚመለከታቸው አገሮች በስምምነት እንዲወስኑት ይተወዋል። ኢትዮጵያም እ.ኤ.አ. በ1998 ከኤርትራ ጋር ጦርነት ከተቀሰቀሰ በኋላ ከአሰብ ፊቷን ወደ ጅቡቲ አዙራ፣ በ2002 የወደብ አጠቃቀምና የትራንዚት ስምምነት ተፈራርማለች። አብዛኛው የወጪና የገቢ ዕቃዋ ዛሬም የሚያልፈው በዚሁ መስመር ነው። ሁለቱ አገሮች በተጨማሪ የምሥራቅና ደቡባዊ አፍሪካ የጋራ ገበያ፣ ማለትም የኮሜሳ አባላት ናቸው። ታዲያ ወረቀቱ ይህን ያህል ከተሟላ ጭነቱ ለምን ይዘገያል? መልሱን ለማግኘት መኪናው በጉዞው የሚገጥሙትን ሦስት ነገሮች ማየት ይበቃል፤ እነዚህም መድን፣ ዋስትናና ሚዛን ናቸው።

ቢጫ ካርዱ ለምን ሠራ?

ከስምምነቶቹ ሁሉ ሾፌሮች በቅርብ የሚያውቁት ቢጫ ካርዱን ነው። ለዚህ የሦስተኛ ወገን መድን መሠረት የሆነው ፕሮቶኮል እ.ኤ.አ. በ1986 አዲስ አበባ ላይ ተፈርሞ በዓመቱ ሥራ ጀመረ። አሠራሩ ቀላል ነው። ባለመኪናው ካርዱን ከአገሩ መድን ሰጪ ይገዛል። መኪናው ጅቡቲ ውስጥ ጉዳት ቢያደርስ የጅቡቲው ቢሮ በአገሩ ሕግ መሠረት ካሳውን ያስተናግድና ሒሳቡን ከኢትዮጵያው ቢሮ ይቀበላል። በየድንበሩ አዲስ መድን መግዛት ቀረ ማለት ነው።

ካርዱ የሠራው በመፈረሙ ብቻ አይደለም። ኬላ ላይ የቆመው ሠራተኛ የሚያውቀው አንድ ዓይነት ወረቀት አለ፤ በሁለቱም ወገን ኃላፊነት የሚወስድ ቢሮ አለ፤ በመጨረሻም ማን ለማን እንደሚከፍል አስቀድሞ ታውቋል።

ዋስትናና ሚዛን

በትራንዚት የሚያልፍ ዕቃ ቀረጥ አይከፈልበትም። የሚያልፍበት አገር ጉምሩክ ግን ዕቃው መንገድ ላይ ወርዶ እንዳይሸጥ ይሰጋልና ዋስትና ይጠይቃል። ዋስትናው በየአገሩ ለየብቻ ከተጠየቀ የነጋዴው ገንዘብ በየቦታው ይታሰራል። ኮሜሳ ለዚህ ያዘጋጀው መፍትሔ አንድ ዋስትና ከመነሻ እስከ መድረሻ እንዲያገለግል የሚያደርግ ክፍለ አህጉራዊ ሥርዓት ሲሆን፣ ከሞምባሳ ወደ ኡጋንዳና ሩዋንዳ በሚወስደው መስመር ተሠርቶበታል። በገቢ ዕቃ በኩል ኢትዮጵያ የመረጠችው መንገድ በአዋጅ ቁጥር 548/1999 የተደነገገው መልቲሞዳል ነው። በዚህ አሠራር አንድ አጓጓዥ በአንድ ሰነድ ዕቃውን ከውጭ ወደብ እስከ አገር ውስጥ ደረቅ ወደብ ድረስ በኃላፊነት ያደርሳል።

ሦስተኛው ሚዛን ነው። የኮሜሳ ደንብ ለመሪ አክስል 8 ቶን፣ ጥንድ ጎማ ላለው ነጠላ አክስል ደግሞ 10 ቶን ወሰን አስቀምጧል። ዓላማው በአንድ አገር ሕጋዊ የሆነው ጭነት በሌላው ትርፍ እንዳይባል ነው። ሆኖም አንዱ ጣቢያ የመዘነውን ሌላው ካላመነ መኪናው ደጋግሞ ይመዘናል፤ ሰልፉም ይረዝማል። በአንጻሩ በኢትዮጵያና በኬንያ ወሰን እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2020 የተመረቀው የሞያሌ የጋራ ኬላ የሁለቱ አገሮች ሠራተኞች በአንድ ቦታ ተቀምጠው መኪናውን አንድ ጊዜ ብቻ እንዲያስቆሙ የታሰበ ነው።

የቆመ መኪና ስንት ያስከፍላል?

ለምሳሌ ያህል የአንድ ባለተሳቢ መኪና የወር ቋሚ ወጪ፣ ማለትም የሾፌርና የረዳት ደመወዝ፣ የባንክ ወለድና መድን፣ 300,000 ብር ነው ይባል። መኪናው 400 ኩንታል ይጭናል፤ የወጪው ግማሽ በወጪ ዕቃው፣ ግማሹ በመልስ ጭነቱ ላይ ይታሰባል። በወር ሦስት ጊዜ ከተመላለሰ ለአንድ ኩንታል ባቄላ የሚደርሰው ቋሚ ወጪ 125 ብር ነው። በመጠበቅ ምክንያት ምልልሱ ወደ ሁለት ከወረደ 187 ብር ከ50 ሳንቲም ይሆናል። 62 ብር ከ50 ሳንቲሙ ነዳጅ አልተቃጠለበትም፤ ጎማም አላለቀበትም። የመቆም ዋጋ ብቻ ነው።

እርግጥ ለላኪው የሚያደላ ነገርም አለ። አገሪቱ ከምትልከው የምታስገባው እጅግ ስለሚበልጥ ብዙ መኪና ወደ ጅቡቲ የሚወርደው ባዶውን ነው፤ ስለዚህ ላኪ በኪራይ ዋጋ ላይ የመደራደር አቅም አለው። ይህ ጥቅም ግን ሰነዱ ባልተሟላ ጭነት ላይ በአንድ ቀን ይጠፋል። በተጨማሪም ስምምነቶቹ የሚያቃልሉት የድንበሩን ችግር እንጂ የአገር ውስጡን አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2023 በአማራ ክልል የተቀሰቀሰው ግጭት ያስከተለውን የመንገድ ሥጋት ቢጫ ካርድ አያስቀረውም።

ከጓሳ የሚገኝ ትምህርት

መንዝ ስምምነት በምን እንደሚጸና ለማወቅ ሩቅ መሄድ አያስፈልጋትም። ጓሳ ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,200 ሜትር ጀምሮ ከፍ እያለ የሚሄድ የወል መሬት ነው። ለቤት ክዳንና ለገመድ የሚያገለግለው ሣሩ በአካባቢው የቄሮ ሥርዓት ለዘመናት ሲጠበቅ ኖሯል። መሬቱ ለዓመታት ይዘጋና ሣሩ ሲደርስ ቀን ተቆርጦለት ይከፈታል። ከዚያ በፊት የገባ ሰው ምን እንደሚጠብቀው ያውቃል፤ ተቆጣጣሪውም ሕዝቡ የመረጠው አባ ቄራ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1975 የመሬት አዋጅ በኋላ ይህ አመራር ሲፈርስ ደንቡ ጉልበት አጣ፤ ሣሩም ያለጊዜው ይታጨድ ጀመር። ጥበቃው ያገገመው ኅብረተሰቡ የራሱን መተዳደሪያ ደንብና አስፈጻሚ መልሶ ሲያቆም ነው።

የድንበር ስምምነትም ከዚህ አይለይም። ባለቤት ያገኘው ቢጫ ካርድ ሠርቷል፤ ባለቤት ያላገኘው አንቀጽ መዝገብ ቤት ተቀምጧል።

እስከዚያው ነጋዴው በእጁ ያለውን ማድረግ ይችላል። መኪና ከመከራየቱ በፊት የቢጫ ካርዱ ጊዜ አለማለፉን ይመልከት። ጭነቱን ከመነሻው ያስመዝን፤ በዲክላራሲዮኑ፣ በፋክቱሩና በዕፅዋት ጤና ምስክር ወረቀቱ ላይ የተጻፈው ክብደት አንድ መሆኑን ያረጋግጥ። በኪራይ ውሉ ውስጥም መኪናው ቢቆም የመቆሚያውን ሒሳብ ማን እንደሚከፍል ያስጽፍ። ይህ ሳይጻፍ የቀረ እንደሆነ ሒሳቡ ዞሮ ዞሮ መሃል ሜዳ ገበያ ላይ፣ ጆንያውን ይዞ ከቆመው ገበሬ ዋጋ ላይ ይቀነሳል።