አክስት ከአሜሪካ የላከችው «የሆርሞን ቅባት»፦ እናታችሁ ከመቀባቷ በፊት ጀርባውን አንብቡላት

እናቴ ሌሊት ሌሊት ብርድ ልብሱን ገፍፋ መስኮት መክፈት ከጀመረች ቆየች። መጀመሪያ «ምች ነው» አለች፣ ዳማከሴ ተጠጣ። ቀጥሎ «ደም ብዛት ይሆናል» ተባለ፣ ተለካች፣ ደህና ነው። በመጨረሻ አክስቴ ከአሜሪካ በሰው እጅ ቅባት ላከችላት። እናቴ ትንሽ አፈር ብላ ብልቃጡን ሰጠችኝና «እስቲ ምን ይላል? አንብብልኝ» አለችኝ።

ይሄ ሥራ ለብዙዎቻችሁም ይደርሳችኋል። እንግሊዝኛውን የምናነበው እኛ ነንና ምን እንደምናነብ እንወቅ። (ዓመተ ምሕረቶቹ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ምን እየሆነች ነው?

ማረጥ ይባላል። አንዲት ሴት ያለ ሌላ ምክንያት 12 ወር ሙሉ የወር አበባ ካላየች አርጣለች ይባላል። አብዛኛውን ጊዜ ከ45 እስከ 55 ዓመት ባለው ዕድሜ ይመጣል። ከዛ በፊት ባሉት ዓመታት ኢስትሮጅን የሚባለው ሆርሞን ከፍ ዝቅ ሲል ይቆይና ይቀንሳል። ያኔ አንጎል ውስጥ ያለው የሙቀት መቆጣጠሪያ ይዛባል። ድንገት ፊትና ደረት ላይ የሚነድ ሙቀት፣ የሌሊት ላብ፣ እንቅልፍ ማጣት፣ ብስጭት፣ የብልት ድርቀት ይከተላል። በሽታ አይደለም። ግን «ቻይው» ተብሎ የሚታለፍም አይደለም።

ብልቃጡ ላይ የሚገኙት ሦስቱ

1. የዱር ቦዬ። እንግሊዝኛው «ዋይልድ ያም» ይላል። በ1940ዎቹ ራስል ማርከር የሚባል አሜሪካዊ ኬሚስት ከሜክሲኮ የዱር ቦዬ ፕሮጄስትሮን ሠርቷል፤ ወሬው የመጣው ከዛ ነው። ግን ሰውየው የሠራው በላብራቶሪ ነው። የእኛ ሰውነት ቦዬን ወደ ሆርሞን መቀየር አይችልም። በ2001 የታተመ የአውስትራሊያ ጥናት 23 ሴቶች ላይ ሞክሮት የቦዬውን ቅባት ከባዶ ቅባት የሚለይ ውጤት አላገኘም። ብዙም አይጎዳም፣ ብዙም አይጠቅምም፣ ብር ግን ይበላል።

2. ፕሮጄስትሮን። ይሄ እውነተኛ ሆርሞን ነው። አሜሪካ ውስጥ ያለ ሐኪም ወረቀት ይሸጣል፤ ኤፍዲኤ የሚባለው የአገሪቱ መድኃኒት ተቆጣጣሪ ግን እነዚህን ቅባቶች ለማረጥ መድኃኒትነት አላጸደቃቸውም። ጥናቶቹም አይስማሙም፤ ሙቀቱን ቀነሰ ያለ አለ፣ ምንም አላደረገም ያለም አለ። ሰውነት ከቆዳ ላይ የሚወስደው መጠንም ከሴት ሴት ይለያያል።

3. ኢስትሮጅን። «ኢስትራዳዮል» ወይም «ኢስትሪዮል» ተብሎ ሊጻፍ ይችላል። ለሙቀቱና ለላቡ በደንብ የሚሠራው ይሄ ሆርሞን ነው፤ ጥንቃቄ የሚፈልገውም እሱ ነው። ማህፀን ያላት ሴት ለሙቀቱ የሚታዘዘውን ኢስትሮጅን ብቻውን ከወሰደች የማህፀን ውስጠኛ ግድግዳ ይወፍራል፣ ከጊዜ በኋላ ወደ ካንሰር ሊሄድ ይችላል። ለዚህ ነው ሐኪሞች ከፕሮጄስትሮን ዓይነት መድኃኒት ጋር የሚያዙት። «የፕሮጄስትሮኑን ቅባት እቀባበታለሁ» ማለት ደግሞ አይበቃም፤ ማህፀንን ለመጠበቅ ቅባቱ አይታመንም።

እንግሊዝ ከ2022 ጀምሮ በብልት የሚገባ አነስተኛ የኢስትራዳዮል እንክብል ያለ ሐኪም ማዘዣ ፈቅዳለች። ግን ካረጡና 50 ከሞላቸው በኋላ ነው፣ ፋርማሲስቱም መጀመሪያ ይጠይቃል። እሱም ቢሆን ለድርቀት እንጂ ለሙቀት አይደለም።

«ቅባት ነው፣ ምን ያደርጋል?»

ቆዳ ግድግዳ አይደለም። በሐኪም የሚታዘዝ የኢስትሮጅን ፕላስተር የሚሠራው በቆዳ አልፎ ደም ውስጥ ስለሚገባ ነው። ለሌላ ሰውም ይተርፋል። በ2010 ኤፍዲኤ ክንድ ላይ የሚረጭ የኢስትሮጅን መድኃኒትን በተመለከተ ያስጠነቀቀው፣ የተረጨበትን ቆዳ የነኩ ሕፃናት ጡታቸው ማበጥ ስለጀመረ ነው። እናታችሁ ክንዷን ተቀብታ የልጅ ልጇን ስታቅፍ ይሄን አስቡ።

ይቺን ብቻ ብታስታውሱ ይበቃኛል

ካረጠች በኋላ ደም ካየች፣ ጠብታም ብትሆን፣ «ቅባቱ ሠራ፣ ልጅነቴ ተመለሰ» አይባልም። ሐኪም ቤት ይኬዳል። አብዛኛውን ጊዜ ምክንያቱ ቀላል ነው። ግን የማህፀን ካንሰር የመጀመሪያ ምልክትም ይሄው ነው፤ በጊዜ ሲገኝ ይታከማል፣ ቆይቶ ሲገኝ ይከብዳል። እናቶቻችን ደግሞ አፍረው ይደብቁታል። ስለዚህ ጠይቋት።

ታዲያ ሆርሞን ራሱ ያስፈራል?

ፍርሃቱ የገነነው በ2002 ነው። አሜሪካ ውስጥ 16,608 ሴቶች የተሳተፉበት ጥናት የጡት ካንሰር ጨመረ ተብሎ ቆመ። ጭማሪው ከ10,000 ሴቶች በዓመት 8 ገደማ ነበር። ከዛ በኋላ መረጃው ተብራርቷል፤ ዛሬ ሐኪሞች የሚሉት ከ60 ዓመት በታች ለሆነች ወይም ካረጠች 10 ዓመት ላልሞላት ጤነኛ ሴት ጥቅሙ አብዛኛውን ጊዜ ያመዝናል ነው። የጡት ካንሰር፣ የደም መርጋት፣ ስትሮክ ወይም የጉበት ሕመም ያለባት ወይም የነበረባት ግን ያለ ሐኪም እንዳትሞክረው።

ስታነቡላት እነዚህን ፈልጉ፦

— የሆርሞኑ ስም ከነመጠኑ ተጽፏል? «የተፈጥሮ ሚዛን» ብቻ ካለ ምን እንዳለበት አልነገራችሁም ማለት ነው።
— «ተፈጥሯዊ» ማለት «አይጎዳም» ማለት አይደለም።
— ኢስትሮጅን ካለበት፣ ሐኪም ሳያያት አትጀምር።
— በቴሌግራም «ሁሉንም ያድናል» ተብሎ የሚሸጥ ከሆነ እለፉት። እዚህ አገር መድኃኒት የሚመዘግበው የኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ነው።

ሆርሞን ለማትፈልግ ሴትም መላ አለ። ለድርቀት ፋርማሲ ውስጥ ሆርሞን የሌለው ማለስለሻ ይገኛል። ለሌሊቱ ስስ ልብስና ክፍት መስኮት ይረዳል። አንዳንዷን ትኩስ መጠጥ ያስነሳባታል፤ ቡና ተዪ ማለት ይከብዳል፣ የማታውን መቀነስ ግን ይቻላል። ከባሰባት ደግሞ ሆርሞን ያልሆኑ በሐኪም የሚታዘዙ መድኃኒቶችም አሉ።

የእናቴ ብልቃጥ የዱር ቦዬ ሆኖ ተገኘ። ስነግራት ሳቀችና «ታዲያ እጄን አለስልሶኛል» አለች። ከዛ ድምጿን ዝቅ አድርጋ ለማንም ያልተናገረችውን ነገረችኝ፤ ለሁለት ዓመት ሌሊት በደንብ ተኝታ አታውቅም። የሚቀጥለው ሳምንት አብረን ሐኪም ጋ እንሄዳለን።

እናንተም ዛሬ ማታ ጠይቋት፦ «እማ፣ እንቅልፍ እንዴት ነው?»