ተጨማሪ መረጃ፦ እኛ የጻፍነው ስትሪንግ፣ ፓይተን የሚያነበው ስትሪንግ

በፓይተን ኮድ ውስጥ በጥቅስ ምልክት መካከል የምንጽፈው ሁሉ እንዳለ አይቀመጥም። ወደ ኋላ ያዘመመው ስላሽ (\) ከሚከተሉት አንዳንድ ፊደሎች ጋር ተጣምሮ ሌላ ነገር ይሆናል፤ ከኤን ጋር አዲስ መስመር፣ ከቲ ጋር ታብ። ስላሹን ራሱን ከፈለግን ሁለት ጊዜ እንጽፈዋለን።

ጣጣው የሚበዛው የዊንዶውስ ፋይል አድራሻ ላይ ነው። ሲ ድራይቭ ውስጥ «ኒው» የሚባል ፎልደር አለ እንበል። አድራሻው በእንግሊዝኛ ፊደል ስድስት ምልክት ነው፦ ሲ፣ ሁለት ነጥብ፣ ስላሽ፣ ኤን፣ ኢ፣ ደብልዩ። ርዝመቱን በሌን ስንጠይቅ ግን 5 ይለናል፤ ስላሹና ኤን ተዋህደው አንድ አዲስ መስመር ሆነዋላ! ፎልደሩ ዓይናችን ሥር እያለ ፕሮግራሙ ሊያገኘው አይችልም። ፕሪንት መስመሩን ሰብሮ ከማሳየት አያልፍም። ስሕተት ፍለጋ ላይ የሚሻለው ሪፕር ነው፤ የተደበቀውን ምልክት አውጥቶ ያሳያል። መፍትሔው ቀላል ነው፤ ከመክፈቻው ጥቅስ በፊት አር የምትለዋን ፊደል ማስቀደም (ስትሪንጉ በአንድ ስላሽ ካላለቀ በስተቀር)።

«ዩዘርስ» የሚለው ፎልደር ላይ ደግሞ ሌላ ነገር ይገጥመናል፤ በካፒታል ዩ ስለሚጀምርና ከስላሽ ቀጥሎ የመጣ ካፒታል ዩ የዩኒኮድ ቁጥር እንዲከተለው ስለሚጠበቅ ፓይተን 3 ገና ከጅምሩ ኮዱን አልቀበልም ይላል። ዝም ብሎ ከሚያሳስት ስሕተት ይህኛው ይመረጣል።

ስላሽና ዩ በሌላ ቦታም ያጋጥሙናል፤ ከፓይተን አማርኛ በጄሰን ስናስቀምጥ በ«ሰ» ፋንታ ስላሽ፣ ዩ እና 1230 ብናይ ጽሑፉ ተበላሸ ማለት አይደለም፤ 1230 የፊደሏ የዩኒኮድ ቁጥር ነው። ኢንሹር አስኪ የሚባለውን ምርጫ ፎልስ ካደረግነው ፊደሉ እንዳለ ይጻፋል።