ዘፈኑን ከመሃል ሳይሆን ከመጀመሪያው፦ ሬዲዮን ወደ ኋላ መመለስ ይቻላል?

ሬዲዮ ስንከፍት ዘፈን ሁልጊዜ መሃሉ ላይ ነው የሚጠብቀን። አዝማቹ ሁለተኛ ጊዜ ሲባል እንደርሳለን፣ ማን እንደዘፈነው ሳናውቅ ያልቃል፣ አቅራቢውም ወደ ሌላ ወሬ ይሄዳል። በስልክ የሚሰማ የኢንተርኔት ሬዲዮ ላይ ግን ይህን ማስተካከል ይቻላል። እንዴት እንደሚሠራ፣ ምን ያህል ባንድል እንደሚበላና የት ላይ አደጋ እንዳለው ዛሬ ላስረዳችሁ። እኔ እዚህ ካኩማ የማስተምር መምህር እንጂ ኢንጂነር አይደለሁም፤ ስለዚህ ለተማሪዎቼ እንደማስረዳው አድርጌ ነው የምጽፈው።

«መጀመሪያው ቢያልፈንስ ምን አለበት?» የሚል አይጠፋም። በእኛ ዘፈን ላይ ብዙ ነገር አለበት። መግቢያው ላይ ክራሩ፣ ማሲንቆው ወይም ሳክስፎኑ ብቻውን ይመጣና ቅኝቱን ያሳውቃል፤ ትዝታ ይሁን ባቲ፣ አምባሰል ይሁን አንቺ ሆዬ ጆሮ የሚለየው እዚያ ላይ ነው። ግጥሙም ሁለት ሁለት ስንኝ እየሆነ ቤት ይመታል፤ የመጀመሪያው ስንኝ ካመለጣችሁ ሁለተኛው ላይ ያለው ወርቅ አይወጣም። የዘፋኙ ስምም የሚነገረው ብዙ ጊዜ ከዘፈኑ በፊት ነው። ካምፕ ውስጥ የተወለዱ ተማሪዎቼ አዝማቹን አሳምረው ይዘፍኑታል። መግቢያውን ጠይቋቸው፣ የለም። «የማን ዘፈን ነው?» ስላቸው «የሬዲዮ ነው» ይሉኛል። አገሩን ያላየ ልጅ የአገሩን ዘፈን እንኳ በግማሽ ሲያውቀው እኔን ያሳስበኛል።

ኤፍኤምም ሆነ አጭር ሞገድ የሚያስታውሰው ነገር የለም። ሞገዱ በሰከንድ 300,000 ኪሎ ሜትር እየሮጠ ይመጣል፣ አንቴናው ላይ ደርሶ ድምፅ ይሆናል፣ በቃ አለቀ። የካሴት ዘመን ሰዎች ይህን ችግር በደንብ ያውቁታል። ባዶ ካሴት አስገብተው፣ ጣታቸውን ሪከርድ ላይ አድርገው የሚወዱት ዘፈን እስኪመጣ ይጠብቁ ነበር። የሚቀዱት ግን ሁሌም መጀመሪያው የተቆረጠ ነው። ለምን? ዘፈኑን ለመለየት መጀመሪያውን መስማት ያስፈልጋል፤ መጀመሪያውን ከሰሙት ደግሞ አልፏል። ጣት የቱንም ያህል ቢፈጥን ይህን አይፈታውም። መፍትሔው አንድ ብቻ ነው፦ ምን እንደሚመጣ ሳያውቁ ሁሌም መቅዳት፣ ያልፈለጉትንም ወዲያው መጣል።

ኮምፒውተር የሚያደርገው ይህንኑ ነው። ሮቶ አስቡ። ከላይ ቧንቧው ያለማቋረጥ ይሞላዋል፣ ሮቶው ልክ ሲሞላ ደግሞ የቆየው ውሃ በሥር ይፈሳል። ሁልጊዜ ውስጡ ያለው የመጨረሻው አሥር ደቂቃ ውሃ ነው ማለት ነው። ይህ ማጠራቀሚያ በፈር ይባላል። ስልካችሁ ላይ ቪዲዮ ስትከፍቱ የምትዞረዋን ክብ «በፈሪንግ ነው» የምንላት ከዚህ የመጣ ነው። እዚያ ላይ ስልኩ ጥቂት ሰከንድ የሚያጠራቅመው ኔትወርክ ሲደክም ድምፁ እንዳይቆራረጥ ነው። እኛ የምንፈልገው ግን ሰፋ ያለና ወደ ኋላ የሚያስኬድ ሮቶ ነው።

ምን ያህል ይሰፋ? እስቲ እናስላው። ብዙ የኢንተርኔት ሬዲዮዎች በሰከንድ 64 ኪሎቢት ይልካሉ እንበል። አንድ ባይት 8 ቢት ስለሆነ በሰከንድ 8 ኪሎባይት ነው። የአምስት ደቂቃ ዘፈን 300 ሰከንድ ነው፤ 300 ሲባዛ በ8፣ 2,400 ኪሎባይት፣ ማለትም 2.4 ሜጋባይት። አሥር ደቂቃ ለመያዝ 4.8 ሜጋባይት ይበቃል። ይህ እኮ ከአንድ ጥሩ ፎቶ ብዙም አይበልጥም! እጃችን ላይ ያለው ርካሽ ስልክ እንኳ ይችለዋል። ስለዚህ ቦታ ችግር አይደለም። ችግሩ ሌላ ነው።

ችግሩ ስልካችሁ ከመከፈቱ በፊት የነበረውን አያውቅም። ሬዲዮውን በዘፈኑ ሦስተኛ ደቂቃ ላይ ከከፈታችሁ፣ በስልኩ ሮቶ ውስጥ ያለፈው ሦስት ደቂቃ የለም፤ ያኔ ቧንቧው ዝግ ነበር። እናንተ ስትተኙም ስትማሩም ነቅቶ የሚያጠራቅም ሌላ አካል መኖር አለበት። ማን ይሁን? ነገሩ ሁሉ ያለው እዚህ ጥያቄ ላይ ነው።

አሜሪካ ውስጥ ሲሪየስ ኤክስኤም የሚባል የሳተላይት ሬዲዮ አለ። ቱን ስታርት የሚል አገልግሎት አለው፤ አድማጩ አስቀድሞ ወደመረጠው የሙዚቃ ጣቢያ ሲቀይር ዘፈኑ ከመጀመሪያው ይጀምርለታል። (ዋሽንግተን አካባቢ ታክሲ የሚነዳ ዘመድ ያላችሁ ጠይቁት፣ ሳያውቀው አይቀርም።) መሣሪያው የተመረጡትን ጣቢያዎች ሁሉ ከጀርባ እያጠራቀመ ይቆያል። ይህ ለእነሱ ቀላል ነው፤ ሳተላይቱ ጣቢያዎቹን አንድ ላይ እንደ ዝናብ ስለሚያወርዳቸው፣ አንድ ጣቢያ መያዝም አምስት መያዝም በክፍያ ላይ ልዩነት የለውም። በእኛ ባንድል ግን ስሌቱ ይገለበጣል። አንድ ጣቢያ በሰዓት 28.8 ሜጋባይት ይወስዳል፣ አምስት ጣቢያ 144። ማንም ላልሰማው ዘፈን እየከፈልን ማለት ነው። ስለዚህ «ስልኬ ሁሌ ያጠራቅምልኝ» የሚለው ሐሳብ ለካምፕ ኑሮ አይሆንም።

ሁለተኛው መንገድ ጣቢያው ራሱ እንዲያጠራቅም ነው። አይስካስት የሚባል፣ በነፃ የሚገኝና ብዙ ጣቢያዎች የሚጠቀሙበት ፕሮግራም አለ። አዲስ አድማጭ ሲመጣ ድምፁ ቶሎ እንዲጀምርለት ቀድሞ የያዘውን 64 ኪሎባይት በአንዴ ያፈስለታል። በእኛ ስሌት 8 ሰከንድ ገደማ ነው። ባለጣቢያው ቁጥሩን ወደ 2 ሜጋባይት ቢያሳድገው አራት ደቂቃ ወደ ኋላ ይሰጣችኋል። ደስ ይላል፣ ግን ሁለት ነገር አስቡ። አንደኛ፣ አራት ደቂቃ ወደ ኋላ ማለት የዘፈኑ መጀመሪያ ማለት አይደለም፤ የበፊተኛው ዘፈን ወገብ ላይ ሊጥላችሁ ይችላል። ሁለተኛ፣ ጣቢያውን በከፈታችሁ ቁጥር፣ ወዲያው ብትዘጉትም፣ ያ 2 ሜጋባይት ከባንድላችሁ ሄዷል። ጣቢያ መቀያየር የሚወድ ሰው ጉድ ፈላበት።

እኔ የሚሻለው ሦስተኛው ነው ባይ ነኝ፦ አንድ ማጠራቀሚያ ለብዙ ሰው። ቡና ቤት፣ ትምህርት ቤት ወይም የወጣቶች ማዕከል ውስጥ አንድ አሮጌ ላፕቶፕ ጣቢያውን አንድ ጊዜ ብቻ ይቀበላል፣ በአካባቢው ዋይፋይ ደግሞ ለሁሉም ያድላል። ዋይፋዩ ከላፕቶፑ ወደ ስልክ ሲሄድ ባንድል አይነካም። ሠላሳ ሰው እያንዳንዱ በስልኩ አንድ ሰዓት ቢሰማ 864 ሜጋባይት ይወጣል፤ በአንድ ላፕቶፕ በኩል ቢሰሙ ያው 28.8 ነው። ላፕቶፑ ከሰው በፊት ስለሚከፈት ያለፈውን ያስታውሳል። ኤፍኤፍኤምፔግ የሚባል ነፃ ፕሮግራም ድምፁን በአሥር አሥር ሰከንድ ፋይል እየቆረጠ ያስቀምጣል፤ 60 ፋይል ሲሞላ በመጀመሪያው ላይ ደርቦ እንዲጽፍ ይታዘዛል። 60 ፋይል አሥር ደቂቃ ነው፣ ሮቶው ማለት ይሄ ነው። ከሁለት የኮምፒውተር ተማሪዎች ጋር በሶላር ባትሪ ሞክረነዋል፣ ይሠራል። ኔትወርክ ሲጠፋ ግን ቧንቧው ስለሚደርቅ ዘፈኑ ውስጥ ጉድጓድ ይቀራል፣ ለዚህ መድኃኒት የለውም።

አሁን የቀረው የዘፈኑን መጀመሪያ መለየት ነው። ብዙ ጣቢያዎች ከድምፁ ጋር የዘፈኑን ስም በጽሑፍ ይልካሉ፤ ብዙ ጊዜ በየ16,000 ባይቱ፣ በእኛ ስሌት በየሁለት ሰከንዱ፣ ለጽሑፍ የተተወ ትንሽ ቦታ አለ። ስሙ የተቀየረበት ቦታ አዲስ ዘፈን የጀመረበት ነው ተብሎ ይወሰዳል። ጽሑፉና ድምፁ ግን እኩል አይደርሱም፣ አንዱ በጥቂት ሰከንድ ሊቀድም ይችላል፤ ስለዚህ ከምልክቱ አሥር ሰከንድ ወደ ኋላ መጀመር ይሻላል። የአቅራቢውን የመጨረሻ ቃል ብትሰሙ ምን ትጎዳላችሁ? እንዲያውም የዘፋኙን ስም የምታገኙት እዚያ ነው። የአማርኛ ስም አንዳንዴ የጥያቄ ምልክት ብቻ ሆኖ ይመጣል፤ ላኪውና ተቀባዩ በአንድ ዓይነት የፊደል አጻጻፍ ካልተስማሙ ፊደላችን መንገድ ላይ ይበላሻል። መቀየሩን ለማወቅ ግን የጥያቄ ምልክቱም ያገለግላል።

ስም የማይልክ ጣቢያ ላይ ኮምፒውተሩ ዝምታን ወይም ከንግግር ወደ ሙዚቃ የተለወጠበትን ቦታ እንዲፈልግ ማድረግ ይቻላል። ለእኛ ዘፈን ይህ ብዙም አይታመንም። ሽለላና ፉከራ የገባበት ዘፈን ላይ «ንግግር ተጀመረ» ብሎ ዘፈኑን ለሁለት ይቆርጠዋል። አቅራቢውም መግቢያው ላይ ሲያወራ ኮምፒውተሩ ግራ ይገባዋል። እኔ ከዚህ ሁሉ «30 ሰከንድ ወደ ኋላ» የምትል አንዲት ቁልፍ ትበልጥብኛለች። ሰው ሁለት ሦስት ጊዜ ተጭኖ በጆሮው ያገኘዋል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር አደራ ልበላችሁ። ዘፈኑን አራት ደቂቃ ወደ ኋላ ሄዳችሁ ከሰማችሁ፣ ከዚያ በኋላ የምትሰሙት ሁሉ አራት ደቂቃ የዘገየ ነው፣ ዜናውም ሰዓቱም። ጎረቤቴ የሆኑ አንድ አዛውንት ሙከራችንን ሲያዳምጡ ቆዩና «መምህር፣ ይሄ አሁን ነው ወይስ ቅድም?» አሉኝ። ትክክለኛ ጥያቄ ነው። በእርግጥ «ቀጥታ» የሚባለው የኢንተርኔት ስርጭትም በብዙ ስልክ ላይ 20 ሰከንድ ያህል ይዘገያል፣ ያንን ማንም ልብ አይለውም። አራት ደቂቃ ግን ሌላ ነው። እዚህ ዝናብ ከላይ አገር ዘንቦ ታራች ወንዝ በድንገት ሲሞላ የምናውቅ ሰዎች ነን፤ «ከወንዙ ራቁ» የሚል ማስታወቂያ ከሮቶ ተቀድቶ ሊሰማ አይገባም። የራሽን ቀን ተቀየረ የሚለውም እንዲሁ።

ስለዚህ እኛ ያደረግነው ይህንን ነው፦ ዘፈኑ ሲያልቅ ማጫወቻው በራሱ ወደ ቀጥታው ይዘላል፣ የዜና ሰዓት ላይም እንደዚሁ። ስክሪኑ ላይ «ቅድም» ወይም «አሁን» የሚል ቃል በትልቁ ይታያል። መዝለል ያልወደዱ ሰዎች «ፍጥነቱን ትንሽ ጨምረን እንድረስበት» ይላሉ። በ5 በመቶ ብናፈጥነው ሦስት ደቂቃ ለመድረስ አንድ ሰዓት ሙሉ ይፈጃል፤ በተራ መንገድ ከተፈጠነ ደግሞ ድምፁ ግማሽ ቃና ያህል ይቀጥናል። ለወሬ ይሁን፣ ትዝታን እንዲህ አድርጎ መስማት ግን ነውር ነው።

በፈር አሥር ደቂቃ ይዞ የሚደመስስ ነገር ነው። ዘፈኖቹን ሰብስቦ በፍላሽ እየሞሉ መሸጥ ሌላ ጉዳይ ነው፤ የኢትዮጵያ የቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996 ዘፋኙንም ጣቢያውንም ይጠብቃል።

ኢንተርኔት የሌላችሁ ደግሞ ባለ ቁልፏ ስልካችሁ ኤፍኤም ካላት ሬዲዮው ውስጥ «ሪከርድ» የሚል ምርጫ አለ ወይ ብላችሁ እዩ፣ ብዙዎቹ ላይ አለ። ሚሞሪ ካርድ አስገቡ፤ የጆሮ ማዳመጫው ገመድ አንቴና ስለሆነ ይሰካ። የሙዚቃው ፕሮግራም ሊጀምር ሲል ሪከርድ ተጭናችሁ ውሃ ልትቀዱ ሂዱ። ስትመለሱ ፋይሉን ከፍታችሁ ከፈለጋችሁት ዘፈን መጀመሪያ ላይ ስሙት፣ ሲበቃችሁ አጥፉት። ባንድል አይነካም፣ ባትሪ ግን ይወስዳልና ቻርጅ አድርጋችሁ ጀምሩ።