ቁልቁለት፥ ፍጥነትና ፍርሃት

ከማዘጋጃ ቤቱ ፊት ቆሞ ወደ ለገሃር የተመለከተ ሰው፥ ቸርችል ጎዳና «ና ውረድ» የሚለው ይመስለዋል። እኔም አንድ እሑድ ማለዳ ጥሪውን ሰምቼ በብስክሌት ወረድሁ። ቴዎድሮስ አደባባይ ሳልደርስ ዓይኔ እንባ አቀረረ፤ ልቤም ደለቀ፤ ደስታ ይሁን ፍርሃት ግን መለየት አቃተኝ። ነገሩ ለምን እንዲህ እንደሚሆን ለተማሪ ወንድሞቼና እኅቶቼ ላስረዳ።

በመጀመሪያ ጉዳዩ የፊዚክስ ነው። የአየርና የመንገድ ሰበቃ ባይኖር፥ ከፍታው 5 ሜትር የሆነ ቁልቁለት የወረደ ሰው በሰዓት 36 ኪሎ ሜትር ገደማ፥ 20 ሜትር የወረደ ደግሞ 71 ኪሎ ሜትር ገደማ ይፈጥናል። ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን ግን ፍሬን ተይዞ ለመቆም የሚያስፈልገው ርቀት አራት እጥፍ ይሆናል፤ በ10 ሜትር ይቆም የነበረው 40 ሜትር ይፈልጋል። እኛ የምናስበው እጥፉን ነው፤ መንገዱ የሚያስከፍለን ግን አራት እጥፉን ነው።

ሁለተኛው ምክንያት በሰውነታችን ውስጥ ነው። ከኩላሊት በላይ ያሉት ዕጢዎች አድሬናሊን የተባለውን ቅመም ወደ ደም ይለቃሉ፤ ልብ ይፈጥናል፥ የዓይን ብሌን ይሰፋል። ይህ ስንፈራም፥ በደስታ ስንፈነድቅም ይሆናል። ስለዚህ ሁለቱ ስሜቶች ከአንድ ምንጭ የሚቀዱ ጎረቤቶች ናቸው።

የበረዶ ሸርተቴ ተወዳዳሪዎች ይህን አጥብቀው ያውቁታል። ፈረንሳዊው ዮሐን ክላሬ በ2005 ዓ.ም. በስዊስ አገር በላውበርሆርን ቁልቁለት በሰዓት 161.9 ኪሎ ሜትር ወርዷል። የኛው ሮቤል ተክለማርያም በ1998 ዓ.ም. በቱሪን፥ በ2002 ዓ.ም. በቫንኩቨር የክረምት ኦሊምፒክ ተወዳድሯል፤ የእርሱ ዓይነት ውድድር ግን አቀበትም ያለበት ስለሆነ፥ ቁልቁለቱ በላብ የሚገዛ ነው። በ1949 ዓ.ም. በሜልቦርን ኦሊምፒክ የተሰለፉት እነ ገረመው ደንቦባም በብስክሌት ይህንኑ ሕግ ቀምሰዋል።

ወደ ማለዳዬ ልመለስ። አንዲት እናት ቤተ ክርስቲያን ስመው ሲመለሱ መንገዱን አቋረጡ። ፍሬን ያዝሁ፤ ብስክሌቱ ግን ወዲያው አልቆመም። በመካከላችን የቀረው አንድ ክንድ ያህል ነበር። «ልጄ፥ ማን እያባረረህ ነው?» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም።

ለበረዶ ተወዳዳሪው መንገዱ ይዘጋለታል፤ አጥርም ይታጠርለታል። ቸርችል ጎዳና ግን የሁሉ ነው። ፍጥነትን የሚወድ ተማሪ የራሱን ልብ ትርታ ብቻ ሳይሆን፥ ከፊቱ የሚያቋርጠውንም ሰው እርምጃ ይቁጠር።